የላፕቶፕ እድፍ በምን ይለቃል?

ኪቦርዱን በሳኒታይዘር የሚጠርግ ሰው ብዙ ነው። ምክንያትም አለው፤ ሳኒታይዘር አልኮል ነው፣ አልኮል ያጸዳል፣ ጠርሙሱም ከኮሮና ዘመን ጀምሮ ከየቦርሳው አልጠፋም። ችግሩ ውስጡ ያለው አልኮል ብቻ አለመሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የሳኒታይዘር ቀመር ውስጥ ከ80% ኤታኖል ጋር 1.45% ግሊሰሮል ይገባል። የገባውም የእጅ ቆዳ በአልኮሉ እንዳይደርቅ ነው። አልኮሉ ወዲያው ተኖ ሲጠፋ ግሊሰሮሉ ግን አይተንም፤ ቁልፎቹ ላይ ይቀራል፣ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ የነካውን አቧራ ሁሉ ይይዛል። ጄል የሆነው ሳኒታይዘር ደግሞ ማወፈሪያ ስላለበት ይብሳል። ጠዋት የተጠረገው ኪቦርድ ማታ ለጣት የሚያጣብቀው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በምን ልጥረገው ከማለት በፊት ምንድን ነው የነካው ማለት ይቀድማል። ላፕቶፕ ላይ የሚያርፈው ቆሻሻ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ደረቁ ነው፤ አቧራ፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ፀጉር። ሁለተኛው ቅባት ነው፤ የጣትና የመዳፍ ወዝ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ለሚውል ላፕቶፕ ደግሞ ከድስት የሚነሳው የዘይት ትነት። ሦስተኛው ስኳር ነው፤ የፈሰሰ ሻይ፣ ቡና፣ ለስላሳ። ሦስቱም የየራሳቸው መውጫ አላቸው፤ የአንዱን መፍትሔ ለሌላው ማዋል ወይ ድካም ነው ወይ ጉዳት።

መጀመሪያ ላፕቶፑ ይጥፋ። ክዳኑን መክደን ማጥፋት አይደለም፤ ተከድኖ የተኛ ኮምፒውተር ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ። ቻርጀሩን፣ ፍላሹን፣ የማውሱን ገመድ ንቀሉ። ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጡት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተሠሩ ማክቡኮች ጠፍተውም ክዳናቸው ሲከፈት ወይም አንድ ቁልፍ ሲነካ ራሳቸው ይነሣሉ፤ በመጥረጉ መሐል ከተነሣባችሁ ሥራውን አቁማችሁ መልሳችሁ አጥፉት።

ቻርጀሩ ይነቀል የምለው ለወግ አይደለም። ገላው ብረት የሆነ ላፕቶፕ ቻርጅ እየተደረገ መዳፍ ሲያርፍበት የመንዘር ስሜት አለው፤ እጅ ሲረጥብ ደግሞ ይበረታል። የሚመጣው ከቻርጀሩ ውስጥ ነው። የ220 ቮልቱን ወገን ከላፕቶፑ ወገን ጋር የሚያያይዝ አንድ ትንሽ ካፓሲተር እዚያ አለ፤ ሥራው ቻርጀሩ የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ረብሻ ማፈን ነው፣ ነገር ግን በእሱ በኩል በሚሊ አምፔር ክፍልፋይ የምትለካ ከረንት ታልፋለች። ቻርጀሩ ባለ ሦስት እግር ሆኖ ሶኬቱም በደንብ የተዘረጋ ግራውንድ ካለው ከረንቷ ወደ መሬት ትሄዳለች። ከሌለው በእኛ በኩል ታልፋለች። ደህና በሆነ ቻርጀር ይህ መጠን አይጎዳም፤ ጠንከር አድርጎ የሚመታ ከሆነ ግን ቻርጀሩ ተበላሽቷልና ከዚያ ወዲያ አትሰኩት። ያም ሆነ ይህ እርጥብ ጨርቅ ይዞ የሚነዝር ገላ መጥረግ የለም።

አሁን መስኮት አጠገብ ቁጭ በሉና ላፕቶፑን ዘንበል አድርጋችሁ ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው አድርጉ። ከላይ ሲታይ ንጹሕ የመሰለው ኪቦርድ በቁልፎቹ መሐል ያከማቸውን ያሳያል። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ደግሞ የማይታይ ነገር አለ። ሁለት ቀጫጭን የፕላስቲክ ክንዶች እንደ ተጣጣፊ ወንበር እግር ተጠላልፈው ቁልፉን ይሸከማሉ፤ ጣት ጥጉን ቢመታውም ቁልፉ ሳይዘነብል ቀጥ ብሎ እንዲወርድ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። መሐላቸው ላይ ትንሽ የጎማ ጉልላት ተቀምጣለች፤ ቁልፉን መልሳ የምትገፋው እሷ ናት። ከጎማዋ በታች ሦስት የተደራረቡ የፕላስቲክ ሉሆች አሉ። የላይኛውና የታችኛው ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ቀለም መስመር ታትሞባቸዋል፤ መሐለኛው በየቁልፉ ትክክል ቀዳዳ አለው። ጣት ሲጫን ጎማዋ ትጎብጣለች፣ የላይኛው ሉህ በቀዳዳው አልፎ የታችኛውን ይነካል፣ ሰርኪዩቱ ይዘጋል፣ ፊደሏ ስክሪኑ ላይ ትወጣለች። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች የዚህ ሁሉ ጉዞ ርዝመት ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው።

አንዲት ፍርፋሪ ቁልፍ ልታስቆም የምትችለው በዚህ ጥበት ነው። ጥበቱ ሲበዛ ምን እንደሚመጣ አፕል በይፋ አሳይቶናል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2015 ባለ 12 ኢንች ማክቡክ ላይ እጅግ ስስ የሆነ አዲስ የቁልፍ አሠራር አወጣ፤ ቁልፎቹ የሚወርዱት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ትንሽ አቧራ ስትገባበት ፊደል ሁለት ጊዜ ይጽፍ ወይም ጨርሶ አልጽፍ ይል ጀመር። ቅሬታው በዝቶ በ2018 ኩባንያው ነጻ የጥገና ፕሮግራም ከፈተ፤ በ2019 መጨረሻ በባለ 16 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ ወደ ተጠላለፉት ክንዶች ተመለሰ፤ በ2022 ደግሞ በዚሁ ጉዳይ ከከሰሱት ደንበኞች ጋር በ50 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ ጥሩ ትምህርት ግን አለ፤ አፕል ለደንበኞቹ ያወጣው የአቧራ ማስወጫ መንገድ ነው። ላፕቶፑ ተከፍቶ በ75 ዲግሪ ያህል ይዘነበላል፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ሊቆም ትንሽ እስኪቀረው። ከዚያ አየሩ ከግራ ወደ ቀኝ እየተመላለሰ ይነፋበታል። ቀጥሎ በቀኝ ጎኑ ይዞራል፣ እንደገና ይነፋል፤ በግራ ጎኑም እንዲሁ። ዘዴው ምክንያት አለው። ጠፍጣፋ ተቀምጦ ሲነፋ አቧራው ከአንዱ ቁልፍ ሥር ወደ ሌላው ይሸሻል፤ ሲዘነበል ግን የተነሣው መውደቂያ ያገኛል።

ለመንፊያ የሚሸጠው የታመቀ አየር የሚባለው ቆርቆሮ ውስጥ ያለው በእውነቱ አየር ሳይሆን በግፊት ፈሳሽ የሆነ ጋዝ ነው። ቆርቆሮው ካልቆመ ጋዙ በፈሳሽነቱ ይወጣና የነካውን ያቀዘቅዛል፤ ብዙዎቹ ጋዞችም ይቀጣጠላሉ። ቆርቆሮውን አቁማችሁ፣ አጠር አጠር እያደረጋችሁ ንፉ። እሱ ካልተገኘ ለካሜራ ሌንስ የሚሆነው በእጅ የሚጨመቅ የጎማ መንፊያ፣ ወይም አዲስና ደረቅ የሆነ የሕፃን አፍንጫ መምጠጫ ጎማ ሥራውን ይሠራል። በአፍ መንፋት ምራቅ ያስገባል። የፀጉር ማድረቂያ ሙቀት ፕላስቲኩን ያጣምማል፣ ሙጫውን ያላላል። የቤት ቫኪዩም ደግሞ አየሩ ደረቅ በሆነበት በበጋ ብልጭ የሚል የኤሌክትሪክ ሙል ሊያከማች ይችላልና እኔ አልመክረውም። ከመንፋቱ ጎን ለጎን ጸጉሩ ለስላሳ የሆነ ደረቅ ብሩሽ በቁልፎቹ መሐል ቢሄድ የሚነፋው ያልነቀለውን ይነቅላል።

ቁልፍ ነቅሎ ማጽዳት ያጓጓል። እነዚያ ቀጫጭን ክንዶች ግን በጥፍር በምታክል ፕላስቲክ ነው የተያዙት፤ ስፔስ፣ ሺፍትና ኢንተርን የመሳሰሉት ሰፋፊ ቁልፎች ደግሞ ከሥራቸው የሚያስተካክላቸው የብረት ሽቦ አላቸው። አንዱ ከተሰበረ ቁልፉ አይመለስም፤ በብዙ ላፕቶፕ ላይም መላ ኪቦርዱ ይቀየራል። ይህን ለባለሙያ ተዉት።

ደረቁ ሳይወጣ ፈሳሽ ጨርቅ የሚያነሣ ሰው ጭቃ ነው የሚሠራው። ከዚህም የከፋው መቧጨሩ ነው። ከመንገድና ከግንባታ የሚመጣ አቧራ ውስጥ የኳርትዝ ቅንጣቶች አሉ። ኳርትዝ በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ 7 ነው፤ ተራ መስታወት 5.5 ገደማ። ፕላስቲክ ከሁለቱም በጣም ያንሳል። አቧራውን ሳያራግፉ በጨርቅ ማሸት እነዚያን ቅንጣቶች እየጎተቱ ገላውን መፋቅ ነው።

አሁን ወደ ወዙ። የሚያስፈልገው ከፋርማሲ የሚገዛ 70% አልኮል፣ ግሊሰሮልም ሽቶም የሌለበት፣ እና ለስላሳ የማይክሮፋይበር ጨርቅ ነው፤ የመነጽር መጥረጊያው ጨርቅ ይሆናል። እሱ ባይኖር ታጥቦ የለሰለሰ የጥጥ ካናቴራ ቁራጭ ይተካዋል። አፕልም ለጠንካራ ውጫዊ ገጽ 70% አይሶፕሮፒል ወይም 75% ኤቲል አልኮል የነካው መጥረጊያ ይፈቅዳል፤ በረኪናንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ግን ይከለክላል። አልኮሉ ሁልጊዜ ወደ ጨርቁ እንጂ ወደ ላፕቶፑ አይሄድም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም፤ ምክንያቱም ጠባብ ክፍተት ፈሳሽን ራሱ ይስባል። በቁልፍ ጠርዝ ላይ ያረፈች ጠብታ ወዲያው ትጠፋለች፤ የጠፋችው ተና ሳይሆን ወደ ሥር ተስባ ነው። ከሥር ያሉትን ሦስት ሉሆች አስቡ፤ በመሐላቸው የገባ እርጥበት በቀላሉ አይወጣም። ጨርቁን ጨመቅ አድርጉት። ጠብታ ካወጣ በዝቷል። ቀዝቀዝ ያለ እርጥበቱ በጣት ብቻ የሚታወቅ ሲሆን በቂ ነው። የቁልፎቹን አናት በጨርቁ፣ ጎናቸውን ደግሞ በዚያው አልኮል ነካ ባደረጋችሁት የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጥረጉ። ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና በሚፈላበት ወይም ዕጣን በሚጨስበት ክፍል ውስጥ አልኮሉን አትክፈቱ፤ ትነቱ በእሳት ይያያዛል።

ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ኖሮ ጀርም ለመግደልም ከፈለጋችሁ ይኸው 70% ከ99% ይሻላል። ውስጡ ያለው ውሃ የጀርሞቹን ፕሮቲን ለማበላሸት ያግዛል፣ አልኮሉም ቶሎ እንዳይተን ያቆየዋል።

ስኳር ላይ ግን አልኮል ይሰንፋል። በንጹሕ አልኮል ስኳር አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ በ70%ውም ቢሆን ውሃው ከመሥራቱ በፊት ይደርቃል። ሻይ ነክቶት የሚያጣብቅ ቁልፍ በአልኮል ደጋግሞ ተጠርጎ አሁንም የሚያጣብቀው ስለዚህ ነው። የደረቀ ሻይ የሚፈልገው ውሃ ነው፤ በደንብ የተጨመቀ፣ ለብ ያለ ውሃ የነካው ጨርቅ ቦታው ላይ ጥቂት አርፎ ስኳሩን ካላላው በኋላ ይጠረጋል፣ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ይደገማል፣ መጨረሻ ላይ በአልኮል ይታለፋል። አልኮሉ እዚህ የሚሠራው የቀረውን ውሃ ይዞ መትነን ነው።

በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ላይ የአማርኛ ፊደል ስቲከር የለጠፋችሁ ደግሞ ለአልኮል ተጠንቀቁ። የስቲከሩን ሙጫ ያላላዋል፤ ጠርዙ ይነሣል፣ የተነሣው ጠርዝ ሥር ወዝና አቧራ ይገባል፣ ፊደሉም ተንሸራትቶ ይወጣል። ለእንዲህ ያለው ኪቦርድ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና የገባበት ውሃ ይበቃል፤ ጨርቁ ጠብቆ ይጨመቅ እንጂ።

እድፍ የሚመስሉ ግን እድፍ ያልሆኑ ነገሮች አሉ፤ በእነሱ ላይ ሰው ብዙ ይደክማል። ስፔስ ቁልፉ ላይ አውራ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ እዩ፤ የሚያብረቀርቅ ክብ አለ። በአልኮል ሲጠረግ የደበዘዘ ይመስልና ሲደርቅ ይመለሳል። አዲስ ቁልፍ ገጹ በጥቃቅን ሸካራነት ስለተሸፈነ ብርሃን ይበትናል፤ ጣት ያንን እየፋቀ ሲያለሰልሰው ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ይመለሳል። ያለቀ ፕላስቲክ ነው፤ የሚያጸዳው ነገር የለም። በጥርስ ሳሙና ወይም በአሴቶን የሚፍቁት ሰዎች ቀሪውንም ያጠፉታል። አሴቶን ቁልፎች የሚሠሩበትን የፕላስቲክ ዓይነት ያሟሟል፤ ከሥር በሚበሩ ኪቦርዶች ላይ ደግሞ ፊደሉ የሚታየው ከላይ የተቀባው ጥቁር ቀለም በፊደሉ ቅርጽ ስለተነሣ ነውና ቀለሙ ሲፋቅ መብራቱ በሌላ ቦታም ያፈተልካል። ሌላው ክዳኑ ላይ ላስቲክ መሰል ለስላሳ ቅብ ያላቸው አሮጌ ላፕቶፖች ናቸው። በዓመታት ብዛት ያ ቅብ ራሱ በእርጥበት እየፈረሰ ያጣብቃል። በአልኮል ሲያሹት ይላጣል። ከመላጡ በፊት በዝግታ፣ በተጨመቀ የሳሙና ውሃ ብቻ መሞከር ይሻላል።

ታችፓዱ ጣታችንን የሚያውቀው ስለጫነው አይደለም። ከገጹ ሥር በአግድምና በቁመት የተዘረጉ ስስ የኤሌክትሪክ መስመሮች አሉ። ሰውነታችን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ ጣት ሲጠጋ በመስመሮቹ መገናኛ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ መያዝ አቅም ይለውጠዋል፤ አንዲት ቺፕ ይህን ለውጥ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየለካች የጣቱን ማእከል ታሰላለች። ስስ የወዝ ሽፋን ይህን ልኬት ብዙም አያውክም። ወዙ የሚያስቸግረው መንሸራተቱን ነው፤ ጣት እየተያዘ እየለቀቀ ይሄዳል፣ ጠቋሚውም ይዘላል። ውሃ ግን ቺፗን ያታልላል፤ አንዲት ጠብታ ለልኬቱ ጣት ትመስላለች። ከጠረጋችሁ በኋላ ጠቋሚው ወዲያ ወዲህ የሚሮጥ ከሆነ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፣ እርጥበት ቀርቷልና በደረቅ ጨርቅ ድገሙት። ሲጠረግ ከመሐል ወደ ውጭ ሳይሆን ከጠርዝ ወደ መሐል ይሁን፤ ዙሪያውን ያለው ክፍተት እርጥበቱን የሚስብበት ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ልቆም እፈልጋለሁ። ታችፓዱ ሲጫኑት አልጫን ካለ፣ ወይም ከጠርዙ ከፍ ብሎ ከተነሣ፣ ወይም ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚወዛወዝ ከሆነ ሰው ቆሻሻ ገብቶበታል ብሎ በቢላ ጫፍ ሊፈለቅቀው ይሞክራል። አትሞክሩ። በብዙ ላፕቶፖች ባትሪው ያለው ከታችፓዱና ከመዳፍ ማሳረፊያው ሥር ነው፤ ያረጀ የሊቲየም ባትሪ ውስጡ ጋዝ ፈጥሮ ሲያብጥ የሚገፋው ይህንኑ ነው። ያበጠ ባትሪ ሲወጋ ወይም ሲጨመቅ ሊቃጠል ይችላል። ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀር አትሰኩበት፣ ከሚቀጣጠል ነገር አርቃችሁ አስቀምጡትና ባትሪውን የሚቀይር ባለሙያ ጋ ውሰዱት።

ስክሪኑ በአጭሩ ያልቃል። የብዙ ላፕቶፕ ስክሪን ላዩ መስታወት ሳይሆን ነጸብራቅ የሚቀንስ ቅብ ያለው ስስ ፕላስቲክ ነው። ሶፍት ይቧጭረዋል፣ አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃ ቅቡን ያነሣዋል። ውሃ ነካ ያደረገው ማይክሮፋይበር ሳይጫኑ ማሳለፍ ይበቃዋል። የፍላሽና የቻርጀር ቀዳዳዎች ደረቅ ብሩሽ እንጂ ፈሳሽ አያውቁም፤ ውስጡ የጠነከረ ነገር ካለ በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ መርፌ ግን አይገባም። የአየር ማስወጫው ላይ ሲነፋ ፋኑ በነፋሱ ኃይል ከልኩ በላይ እንዳይሽከረከር አጠር አጠር አድርጉት።

ሻይ አሁን ከፈሰሰ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ የሚቀድመው ማጽዳት ሳይሆን ኤሌክትሪኩን ማቋረጥ ነው። ሥራዬን ሴቭ ላድርግ ሳትሉ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ማብሪያውን እስኪጠፋ ተጭናችሁ ያዙ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ኪቦርዱ ወደ ታች እንዲሆን ገልብጡትና ፈሳሹ በገባበት ይውጣ። ኤሌክትሪክ እያለበት የረጠበ ሰርኪዩት በፍጥነት ይዝጋል። ሩዝ ውስጥ መቅበር ብናኝ ከመጨመር በቀር ከውስጥ የገባውን ስኳር አያወጣም፤ ስኳር የነካው ላፕቶፕ ተከፍቶ መጽዳት አለበት።

ያለ አደጋ ጠርጋችሁ የጨረሳችሁት ግን ክዳኑ ተከፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ የማይታየው እርጥበት የሚደርቀው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ አብሩትና ባዶ የጽሑፍ ገጽ ከፍታችሁ ቁልፎቹን ከላይኛው ረድፍ ጀምሮ አንድ በአንድ ምቱ። አንዱ ሁለት ጊዜ ከጻፈ ወይም ጨርሶ ካልጻፈ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ፣ እንደገና አዘንብላችሁ ያንን ቁልፍ ብቻ ንፉ። ያጣበቀ ከሆነ ስኳር ነው፤ ወደ ውሃው ጨርቅ ተመለሱ። ሁለቱም ካላስተካከሉት ችግሩ ከሉሆቹ መሐል ነውና ኪቦርዱ መከፈት አለበት።